የመሬታችን ሕግ የሚወጣው የት ነው?

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አባቶችና እናቶች፣ የወረዳ ምክር ቤት አባላት፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ «በፌዴራል ሥርዓት ሥልጣን እንዴት ይከፋፈላል፣ ሕግስ እንዴት ይወጣል?» በሚል ርዕስ እንድናገር ጋብዛችሁኛል። ርዕሱ ሰፊ ነው። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች አሉት፤ እነርሱን በየተራ ብዘረዝር ሁላችንም ደክመን እንወጣለን እንጂ ብዙ አንጨብጥም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ይዤ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፤ እርሱም መሬት ነው። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ መሬት የማይመለከተው ሰው የለም፤ የሥልጣን ክፍፍሉም ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ይልቅ በመሬት ላይ ጎልቶ ይታያል። ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህን ነው፦ ኑሯችንን በቀጥታ የሚነካው ሕግ አብዛኛው ተዘርዝሮ የሚወጣው ባሕር ዳር፣ በክልላችን ምክር ቤት ነው፤ ዓይናችንና ጆሯችን ግን አዲስ አበባ ላይ ነው። ሥልጣኑ አንድ ቦታ፣ የእኛ ጥያቄ ሌላ ቦታ ሆኖ ቆይቷል። በመጀመሪያ ሕገ መንግሥቱ ምን እንደሚል፣ ቀጥሎ የመሬት ሕጉ ባለፉት ዓመታት እንዴት እንደ ወጣ፣ ከዚያም ገንዘቡንና መመሪያውን አያለሁ፤ በመጨረሻ ከእናንተ መካከል ብዙዎች በልባቸው የያዙትን ተቃውሞ አንስቼ ለመመለስ እሞክራለሁ።

ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሥልጣንን የሚያከፋፍሉት ዋነኞቹ አንቀጾች 51 እና 52 ናቸው። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ይዘረዝራል፤ መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብ ማተም፣ የውጭ ንግድ፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች፣ ክልል ወይም አገር ተሻግረው የሚፈስሱ ወንዞች እዚህ ውስጥ ይገኛሉ። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠው ሥልጣን ሁሉ የክልሎች ነው ይላል። ይህን ደግሜ ልናገረው፤ በግልጽ ያልተሰጠው ሁሉ የክልሎች ነው። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ይረዳዋል፤ አዲስ አበባ የሁሉ ባለቤት ሆኖ ከላዩ ላይ ለክልሉ ትንሽ የሚቆርስለት ይመስለዋል። ከሕጉ አንጻር ግን ዝርዝር ተሰፍሮ የተሰጠው ፌዴራሉ ነው፤ የቀረው በሙሉ የክልሉ ድርሻ ነው።

መሬት ላይ ስንደርስ ክፍፍሉ ለየት ይላል። ብዙዎቹ ሌሎች ጉዳዮች «ይህ ያንተ፣ ያ የእኔ» ተብለው ተለይተዋል፤ መሬት ግን ለሁለት ተሰንጥቋል። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 5 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራሉ ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች በዚያ ሕግ መሠረት መሬትን ያስተዳድራሉ ይላል። ከሁለቱም በላይ አንቀጽ 40 አለ፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፣ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። በአገራችን አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ እንደሚያርሱ ሁሉ፣ የመሬት ሕግም ያለ ሁለቱ አይታረስም፤ አንደኛው ቢቀር ሌላው ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ተራ መጠበቅ፣ መስማማት፣ አንዳንዴም መጣላት ግድ ነው። አንቀጽ 50 ፌዴራሉ የክልሉን፣ ክልሉም የፌዴራሉን ሥልጣን ማክበር አለባቸው የሚለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሕግ የማውጣት ሥልጣንን መከፋፈል ለምን አስፈለገ? አንድ ጠንካራ መንግሥት ለሁሉም አንድ ሕግ ቢያወጣ ምን ይጎድላል? መልሱን ለማግኘት ከአባይ ማዶ ያለውን የጎረቤታችንን የጎጃምን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ራሱ በመልካም ሐሳብ የተዘጋጀ፣ ግብሩን በመሬት ስፋት ሳይሆን በምርት መጠን ለማስከፈል የታሰበ ነበር። ነገር ግን ስለ ርስቱና ስለ ግብሩ የጎጃም ገበሬ የተጠየቀበት መድረክ አልነበረም። ምርትን የሚገምት ኮሚቴ ሲመጣ ገበሬው ርስቱን ሊለኩበት፣ ቀጥሎም ሊነጥቁት የመጡ መሰለው፤ ሸፈተ። ወታደር ተላከ፣ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሕጉ በዚያ አገር ላይ ሊሠራ አልቻለም። አውጪዎቹ ከመሬቱ ርቀው ነበር፤ ተቀባዩም «ይህ ክፍል ይስተካከል» የሚልበት ወንበር አልነበረውም፤ ስለዚህ የቀረው መንገድ ወይ መቀበል ወይ መሸፈት ሆነ። የፌዴራል ሥርዓት ትልቁ ተስፋ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ መክፈቱ ነው።

ተስፋው ተፈጸመ ወይ? እውነቱን እንነጋገር። የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ በዋለ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1989 ዓ.ም. ነው። የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 16/1989 የመሬት ድልድል አደረገ። በጎጃምና በጎንደር የሆነውን ከእናንተ መካከል ትልልቆቹ ታስታውሱታላችሁ። ሰዎች «ቅሪት ፊውዳል»፣ «ቢሮክራሲ» እየተባሉ ተፈረጁ፤ የተፈረጀው ሰው የሚቀርለት ይዞታ ከሌላው ገበሬ ያነሰ፣ እስከ 1 ሄክታር ብቻ ሆነ። በደርግ ዘመን በቀበሌ ገበሬ ማኅበር ያገለገለ ሰው ሳይቀር በዚህ ስም ተጠርቶ መሬቱ ተቀነሰ። ቅሬታ ያደረባቸው ገበሬዎች አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ ተጓዙ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ፌዴራሉ ሊያወጣው የሚገባው የመሬት ሕግ ገና አልወጣም ነበር። የመጀመሪያው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 89፣ የወጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ድልድሉ ከተጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ክልሉ የሚመራበት ሕግ ሳይኖር ወደ ፊት ሄደ፣ ፌዴራሉም ድንበሩን ሳያሰምር ዘገየ። ጉዳቱን የተሸከመው ገበሬው ነው። ሥልጣን ወደ ሕዝቡ ቀረበ ማለት በራሱ ፍትሕ መጣ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም። ቅርብ ያለ ሥልጣን ካልተጠየቀ ከሩቁ ይልቅ ይጎዳል፤ ቤታችንንና ስማችንን ያውቃልና።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እናንተ ፊት የምናገረው ነገር አይኖረኝም ነበር። ግን አላበቃም። በ1997 ዓ.ም. ፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456ን አወጣ፤ ክልሎች ዝርዝሩን በራሳቸው ሕግ እንዲያወጡም በግልጽ አዘዘ። የአማራ ክልል በበኩሉ በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 133ን አወጣ። ዛሬ በየቤታችሁ ያለው የይዞታ ደብተር፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ስማቸውና ፎቶግራፋቸው የሚሰፍርበት፣ ጥበቃውን ያገኘው ከእነዚህ ሕጎች ነበር። ክልሉ ከ1989ኙ ትምህርት ወስዶ አንድ ትልቅ ገደብም አስቀመጠ፤ መሬት እንደገና የሚደለደለው ከአካባቢው ባለይዞታዎች 80 በመቶ የሚሆኑት ሲስማሙ ነው አለ። ይህ ሐሳብ እዚሁ ክልል ውስጥ፣ ድልድሉ ካስከተለው ምሬት የተወለደ ይመስለኛል። የ1960ው የጎጃም ገበሬ ያላገኘው መስተካከያ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ የ1989ኙ ገበሬ ልጅ አገኘው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከዚህም አስበልጬ አየዋለሁ። የ1997ቱ የፌዴራል አዋጅ መሬት የተከራየ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን አስይዞ ብድር እንዲወስድ ፈቅዶ፣ ስለ ራሱ ስለ ባለይዞታው ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል አልነበረውም። ከሌላ ቦታ የመጣ ተከራይ በመሬቱ ላይ ይበደራል፣ ባለመሬቱ ግን ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል ማለት ነው። የአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 252 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለተወሰነ ጊዜ በዋስትና እንዲያስይዝ ፈቀደ። መሬቱ አይሸጥም፤ ዕዳው ባይከፈል አበዳሪው የሚያገኘው ለተስማሙበት ዘመን የመጠቀም መብቱን ብቻ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ፌዴራሉ ራሱ አዋጅ ቁጥር 1324ን አውጥቶ ይህንኑ መብት ለአገሪቱ ገበሬ በሙሉ ሰጠ። ክልሉ ቀድሞ ሞከረው፤ ሥራው ታየ፤ ፌዴራሉ ተከተለ። ሕግ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

በዚህ መካከል ግን ያልተፈታ ችግር አለ፤ ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም። የ80 በመቶው ገደብ መሬት ያለውን ሰው ይጠብቃል። በ1989 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ የልጆች አባት ሆኗል፤ በድልድል የደረሰው መሬት ግን የለም። የጉና ተዳፋት አይሰፋም፣ የስማዳና የታች ጋይንት ቆላ አፈሩ እየታጠበ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ይሄዳል፣ የአባት ማሳ ለስንት ይከፈላል? ለወጣቱ የጋራ መሬት ይሰጥ? የሞተ ሰው ይዞታ ወራሽ ከሌለው ለማን ይሁን? አነስተኛው የይዞታ መጠን ስንት ይሁን? እነዚህን ጥያቄዎች በዝርዝር የሚመልሰው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ፓርላማ ማዕቀፉን ከማስቀመጥ አያልፍም። አንድ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ መተማና ሁመራ ከመሄዱ በፊት «ይህን ሕግ የሚያሻሽለው ማን ነው፣ የእኛ ተመራጭስ ምን አለ?» ብሎ የመጠየቅ መብትም ምክንያትም አለው።

እንግዲህ ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ወደ ማየቱ ልለፍ። በፌዴራል ደረጃ አብዛኛው ረቂቅ አዋጅ በአንድ ሚኒስቴር ይዘጋጃል፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይታያል፣ ከዚያ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። እዚያ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው አስተያየት የሚሰማበት መድረክ ያዘጋጃል፤ ከዚያ በድምፅ ብልጫ ይጸድቃል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል፤ ባይፈርምም ሕጉ ይጸናል። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። በክልልም ሂደቱ ተመሳሳይ ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት ያጸድቃል፣ ርዕሰ መስተዳድሩ ይፈርማል፣ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማል። ከመካከላችን ነጋሪት ጋዜጣን የማያውቅ የለም፤ ዝክረ ሕግን በእጁ ይዞ ያነበበ ግን ከተማሩት መካከል እንኳ ጥቂት ነው ብዬ እገምታለሁ። የመሬታችን፣ የጋብቻችን፣ የወረዳችን ሕግ የታተመው ግን በእርሱ ላይ ነው። እስቴ ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ለሁለት ወረዳ ስትከፈል ውሳኔው የክልሉ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ ከክልል በታች ያለውን እርከን የማደራጀት ሥልጣን የሰጠው ለክልሎች ነውና።

ከአዋጅ በታች ደንብ አለ፣ ከደንብ በታች መመሪያ አለ። አዋጅን የሚያወጣው ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ነው። ደንብን የሚያወጣው አስፈጻሚው ካቢኔ ነው። መመሪያን የሚያወጣው አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ቢሮ ነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሕጉ ወደ ደጃችን ይቀርባል፣ ክርክሩ ግን እየጠፋ ይሄዳል። ገበሬው ቀበሌ ወይም የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሲሄድ «መመሪያው አይፈቅድም» ይባላል እንጂ «አዋጁ አይፈቅድም» የሚለው ጥቂት ነው። መመሪያውን ግን አላየውም፤ ሲወጣም አልተጠየቀም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ይፋ አድርገው አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን አዋጁ የክልል መሥሪያ ቤቶችን አይመለከትም። የባሕር ዳሩ ቢሮና የወረዳው ጽሕፈት ቤት በእርሱ አይገዙም። ለእኔ ዛሬ የሥልጣን ክፍፍሉ ዋነኛ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። በፌዴራሉና በክልሉ መካከል ያለውን ድንበር ብዙ እንከራከርበታለን፤ በአዋጅና በመመሪያ መካከል ያለውን ግን ማንም አይጠብቀውም።

ለዚህ ከሴፍቲኔት የተሻለ ምሳሌ የለም። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ብዙ ቤተሰብ ደግፏል። ገንዘቡ ከመንግሥትና ከውጭ ለጋሾች ይመጣል፤ ፖሊሲውን የሚመራው የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ነው፤ የሚያስፈጽመው ወረዳው ነው፤ «ማን ይገባል፣ ማን ይመረቃል» (ራሱን ችሏል ተብሎ ይወጣል) የሚለውን የሚለየው የቀበሌና የማኅበረሰብ ኮሚቴ ነው። እርከን የሚሠራው፣ ተፋሰስ የሚያለማው፣ በምላሹ እህል ወይም ብር የሚቀበለው ገበሬ በርካታ የመንግሥት ደረጃዎች ነኩት ማለት ነው። ግን ይህ ትልቅ ፕሮግራም የሚተዳደረው በዋናነት በማስፈጸሚያ መመሪያ ነው። ከዝርዝሩ የወጣ ሰው የት አቤት እንደሚል፣ «ተመረቅህ» የተባለው በምን መስፈርት እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በመመሪያው ተቀምጧል፤ መብቱን ያወቀ ሰው ይጠቀምበታል፣ ያላወቀ ግን የቀበሌውን ሊቀመንበር መለመን ብቻ ይቀረዋል። እዚህ የተቀመጣችሁ የወረዳ ምክር ቤት አባላት ይህን መስፈርት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ማንም የሚከለክላችሁ ሕግ የለም።

ገንዘቡን ካነሣን ዘንድ ሌላም አለ። ሕገ መንግሥቱ የጉምሩክና የገቢ ዕቃ ቀረጥን፣ ከእርሱም ጋር ከፍተኛ ገቢ የሚያስገኙትን ምንጮች ለፌዴራሉ ሰጥቷል። የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የግለሰብ ነጋዴዎችም ግብር የክልሉ ነው። በጋይንትም በእስቴም የተሰበሰበ የእርሻ ግብር ሁሉ ተደምሮ የትምህርት ቤቶቹን ደመወዝ አይሸፍንም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የክልሎች በጀት ትልቁ ድርሻ ከፌዴራሉ የሚመጣ ድጎማ ሆኖ ቆይቷል። ሥልጣን ያለ ገንዘብ ባዶ ነው የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ፤ አልክደውም። ነገር ግን ድጎማው የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ማን ነው? የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አንቀጽ 62 ይህን ሥልጣን ለእርሱ ሰጥቷል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣንም የእርሱ ነው። የዚህን ምክር ቤት አባላት የሚመርጠው ወይም በሕዝብ እንዲመረጡ የሚያደርገው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ እስካሁን ያየነው ክልሉ ራሱ ሲመርጥ ነው። አሁን ሐሳቡን አያይዙልኝ፤ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ547 ወንበሮች የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው፤ በክልሉ ምክር ቤት ግን 294ቱም ወንበሮች የክልሉ ሕዝብ ናቸው። በእነርሱ ላይ የሚቀመጡት ተመራጮች የመሬት ሕጉን ዝርዝር ያወጣሉ፣ የመሬት ቢሮውን በጀት ያጸድቃሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ የሚያከፋፍለውን ምክር ቤት አባላት ይልካሉ። እኛ ግን በምርጫ ጊዜ ስማቸውን የምናውቀው የፓርላማ እጩዎችን ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፦ «ይህ ሁሉ ወረቀት ነው፤ የሚወስነው ፓርቲው ነበር፣ ዛሬም ነው።» ይህን የሚል ሰው መሠረት አለው። በኢሕአዴግ ዘመን ፌዴራሉንም ክልሉንም አንድ ግንባር ይመራው ነበር፤ በሚያከራክር ጉዳይ ላይ ምክር ቤቶቹ እርስ በርስ ሲሞግቱ አላየንም፤ ውሳኔው ከስብሰባ በፊት አልቆ ይመጣ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ጉዳይ ሲነሣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች ነው ብሎ ወሰነ። በዚህ ምክንያት የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ተፈጻሚነቱ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተወሰነ፤ አማራ ክልል የራሱን አዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። ያው አንድ ፓርቲ በሚመራበት ዘመን የተሰጠ ውሳኔ ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር አንድ ቀን ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን የሚያነሣው ሰው ሲያገኝ ነው። የ80 በመቶው ገደብ ያለ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ማንም ሊቀመንበር በአንድ ስብሰባ ያፈርሰው ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ክልሉ ሁሉ የየራሱ ሕግ ካለው አገር ይበታተናል፣ ፍትሕም ይዛባል» የሚል ነው። እኔ ግን አንድ የመሬት ሕግ ለጉና ደጋ ገበሬና ለአፋር አርብቶ አደር እንዴት እኩል እንደሚሠራ አይገባኝም። አንድ የሚያደርጉ ማሰሪያዎችም አሉ። በመሬት ክርክር አንድ ሰው ከወረዳ ፍርድ ቤት ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ በመጨረሻም መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ካለ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሊደርስ ይችላል፤ የሰበሩ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ይህ ደግሞ በተቃራኒው የክልሉን ሥልጣን ይነጥቃል የሚሉ የሕግ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ሁለቱ እርከኖች ሲደጋገፉ ለማየት ያለ ዕድሜ ጋብቻን ውሰዱ። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው የሚለው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ሕፃን የዳረውን የሚቀጣው የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996 ነው። በደቡብ ጎንደር ልጅነቷን የተነጠቀች ልጅ በሁለቱም ሕግ ትጠበቃለች፤ ሁለቱንም የሚያስፈጽመው ግን የወረዳው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ነው። ጎደሎው ያለው በሕጉ ብዛት ሳይሆን በማስፈጸሙ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ባለፉት ዓመታት የደረሰብንን ያየ ሰው ሁሉ ያነሣዋል። «ክልሎች የተሠመሩት በማንነት ነው፤ መሠረቱ ሳይስተካከል ስለ ሥልጣን ክፍፍል ማውራት ምን ይረባል? ደግሞስ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሁሉም ነገር ወደ ማዕከል አልሄደም ወይ?» አዎ ሄዷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወር አራዘመው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሥልጣን ድንበሮች ሁሉ ይታጠፋሉ፤ ለዚህም ነው አንቀጽ 93 የመጀመሪያውን ጊዜ በስድስት ወር የገደበው፣ ለማራዘም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የጠየቀው። ሰላም በሌለበት አገር የመሬት ኮሚቴ አይሰበሰብም፣ ችሎት አይቆምም፣ ደብተርም ዋጋ የለውም። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የክልሎች አከላለል ግን ከሥልጣን ክፍፍሉ የተለየ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ክልሎች በሌላ መስፈርት ይካለሉ ቢል እንኳ «የመሬት ሕጉን ማን ያውጣ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነካ እንዳለ ይቀራል፤ ማንኛውም ክልል በማንኛውም መልክ ቢሠመር ለጋይንት ገበሬ ቅርብ የሆነ ሕግ አውጪ ያስፈልገዋል። ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ከተፈለገም በሩ በአንቀጽ 104 እና 105 ውስጥ ነው። የሰብዓዊ መብት ምዕራፍ የሚሻሻለው የክልሎች ምክር ቤቶች ሁሉም ሲያጸድቁት፣ በላዩም ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ሲስማሙ ነው። ሌላው ክፍል ደግሞ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛዎቹ በድምፅ ብልጫ ሲደግፉት ይሻሻላል። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ሲያሰባስብ ቆይቷል፤ ከዚያ ምን እንደሚወጣ ወደ ፊት እናያለን። ስለ ሕገ መንግሥቱ የሚወጣው ስምምነት ሕግ እንዲሆን ከተፈለገ ግን ማለፍ ያለበት በዚህ በር ነው፤ አንደኛው መቃንም ባሕር ዳር የሚሰበሰቡት ተመራጮቻችን ናቸው። ከምርጫ ክልላችሁ የሄደው ሰው በዚያ ቀን እጁን ለምን እንደሚያነሣ፣ ለምንስ እንደማያነሣ አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባል፤ እናንተም ልትጠይቁት መብት አላችሁ።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ በተለይ ከመሬት መመሪያና ከሴፍቲኔት መስፈርት ጋር የተያያዙ ጥያቄዎችን አስቀድሜ እቀበላለሁ።